ዦ ፓርል፣ ቱ ፓርል

ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ለብቻው የሚያወራ ልጅ ካያችሁ አትደንግጡ፤ እኔ ነኝ። ፒያሳ ካለው የማታ ክፍል ወጥቼ ወደ አያቴ ቤት ስሄድ ግስ እያረባሁ ነው። ዦ ፓርል፣ ቱ ፓርል፣ ኢል ፓርል፣ ኑ ፓርሎን፣ ቩ ፓርሌ፣ ኢል ፓርል።

ደንቡ ቀላል ነው። የግሱን የመጨረሻ ሁለት ፊደላት ትቆርጡና የባለቤቱን ጭራ ትቀጥላላችሁ። «ፓርሌ»ን ያወቀ «ዳንሴ»ንም «ሻንቴ»ንም ያውቃል። ጉዱ ሲነበብ ነው፤ ከስድስቱ አራቱ ድምፃቸው አንድ ነው። የ«ቱ»ዋ ላይ ‹ኤስ› ትለጠፋለች፣ የብዙዎቹ ላይ ‹ኤን› እና ‹ቲ› ይጨመራሉ፤ ፈረንሳዮቹ ጽፈው ጽፈው ሲያበቁ ይውጧቸዋል። (ዲክቴ የተፈተነ ሰው ይፍረደኝ።) ስለዚህ «ዦ»ን መጣል አይቻልም፤ ከተጣለች ማን እንደሚናገር አይታወቅም። እኛ «እናገራለሁ» ካልን ግን «እኔ» ማለቱ ትርፍ ነው።

ቋንቋው ለዚህች ከተማ እንግዳ አይደለም። ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1908 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ፈረንሳይኛ ያስተምር ነበር፤ ለገሃር የምንለውም «ላ ጋር»፣ ማለትም ጣቢያው፣ ነው። አያቴም በወጣትነታቸው የአንድ ፈረንሳዊ ሹፌር ነበሩ።

ባለፈው ቅዳሜ ገና ከበር ስገባ፣ «ቱ ፓርል ፍራንሴ፣ አባባ?» አልኳቸው።

ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ማንን ነው ‹ቱ› ያልከው?»

መጽሐፉ ቤተሰብ «ቱ» ይባላል ይላል። እኔ ግን በአማርኛ፣ በእንቅልፍ ልቤ እንኳ፣ አያቴን «አንተ» ብዬ አላውቅም። በሰው ቋንቋ ሳወራ አፌም የሰው መስሎኝ ነው መሰለኝ።

«ዘጠኝ ዓመት ‹ቱ› ተብያለሁ» አሉኝ። «እሱም፣ ሚስቱም፣ ልጁም። እኔ ‹ቩ› እያልኩ።»

ልጁ ስድስት ዓመቱ ነበር። ይህንን ታሪክ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ እኔ ሃያ አራት ሞልቶኛል።

«ቩ» ለብዙም ለአክብሮትም ይሆናል። እኛም ከዚያ አንርቅም፤ «ይናገራሉ» ስንል እነሱም ናቸው፣ እሳቸውም ናቸው። ትንሽ ቆይቼ እንደገና ጠየቅኩ፤ «ቩ ፓርሌ ፍራንሴ፣ አባባ?»

«ዊ። ዦ ፓርል።»

ፈረንሳይኛን የሚያውቁት በጆሮ ብቻ ነው። ደብተሬን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉና በጣታቸው መስመር መስመሩን ወረዱ።

«ይህቺ ጭራ የማናት?»

«የ‹ቱ› ናት፣ አባባ።»

«አትነበብም?»

«አትነበብም።»

ሳቁ። ደብተሩን መልሰው ሲኒያቸውን አነሱ።