ቦሌ ላይ የሚያስቆማችሁ አደራው ነው

እስቲ ዛሬ ስለ ቦሌ እናውራ። ስለ ካፌዎቹና ስለ ዘናጮቹ አይደለም፤ መንገዱ ሲያልቅ ስለሚጠብቀን አውሮፕላን ማረፊያ ነው። እኛ ወጣቶች ስለ ቪዛ፣ ስለ ቲኬትና ስለ ምንዛሪ ስንጨነቅ እንከርምና በመጨረሻው ሰዓት የሚያደናቅፈን ሌላ ሆኖ ይገኛል፤ ቀበቶ፣ ቅቤ፣ በርበሬ! እኔን ሥራዬ በዓመት ጥቂት ጊዜ ያመላልሰኛል። ሰልፍ ላይ ቆሜ ሰው ማየት ስለምወድ ማን ቶሎ እንደሚያልፍ፣ ማን እንደሚቆም መለየት ችያለሁ። ቶሎ የሚያልፈው ጉልበተኛው ወይም ዘመድ ያለው አይደለም። ሻንጣው ውስጥ ያለውን ነገር አንድ በአንድ የሚያውቀው ሰው ነው።

ስንብት በመኪና ማቆሚያ

ሸኚ ወደ ውስጥ ስለማይዘልቅ እንባው ሁሉ የሚፈሰው ውጭ ነው። ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የሚበሩት አውሮፕላኖች በብዛት ማታ ስለሚነሱ፣ ከመሸ በኋላ መኪና ማቆሚያው ሠርግ ቤት ይመስላል። ለአንድ ተጓዥ አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሸኚ! እናት በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን ይጠርጋሉ፣ አጎት ይመርቃሉ፣ ጓደኛ ፎቶ ያነሳል። ወዲያ በኩል ደግሞ ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱ ልጃገረዶች ሰነዳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው በቡድን ቆመዋል።

ስንብት ክፉ አይደለም። ግን ዋናውን ስንብት እቤት ጨርሱት። እያለቀሰ ሰልፍ የገባ ሰው ፓስፖርቱን የት እንዳስቀመጠው አያውቅም፤ ኪሱን ሲዳብስ፣ ቦርሳውን ሲበረብር ከኋላው ያለው ሕዝብ ይቆማል።

ሰዓቱም ነገር አለው። ቲኬት ላይ የሚጻፈው የፈረንጅ ሰዓት ነው። 22፡30 ማለት በእኛ ከምሽቱ 4፡30 ነው። 00፡30 ከሆነማ ቀኑም በፈረንጅ እኩለ ሌሊት ላይ ተቀይሯል። «ማክሰኞ 00፡30» የሚል ቲኬት የያዘ ሰው ከቤቱ መውጣት ያለበት ሰኞ ማታ ነው። ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። የቸኮለ ሰው ሁሉንም ነገር ኪሱ ውስጥ ይዞ ነው ማሽኑ ጋ የሚደርሰው።

በሩ ላይ

የቦሌ ተርሚናል በጥር 2011 ዓ.ም ተስፋፍቶ ሲመረቅ በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ተብሎ ነው። ሕንፃው ሰፋ እንጂ ሰልፉ አልጠፋም። ደጋግሜ እንዳየሁት ፍተሻው ሁለት ነው። አንዱ ገና ከሕንፃው ስትገቡ፣ ሌላው ኢሚግሬሽን ካለፋችሁ በኋላ። ስለዚህ ከመጀመሪያው እንደወጣችሁ «ተገላገልን» ብላችሁ ሳንቲሙንና ቁልፉን መልሳችሁ ኪሳችሁ አትክተቱ።

የእኔ ዘዴ ቀላል ናት። ሰልፍ ከመግባቴ በፊት ስልክ፣ ሰዓት፣ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ ቀበቶ፣ ሁሉንም ጃኬቴ ኪስ ውስጥ አስገብቼ ዚፑን እዘጋለሁ። ማሽኑ ጋ ስደርስ ጃኬቱን አውልቄ ትሪው ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ከእጄ የማይወጣው ፓስፖርቱና ወረቀቱ ነው። ጫማም ሲመረጥ ወለቅ የሚል ይሁን። እስከ ጉልበት በክር የሚታሰር ቡትስ አድርጋ የመጣች ቆንጆ አይቻለሁ፤ አለባበሷን ሁሉም አደነቀላት፣ ክሩን ፈትታ እስክትጨርስ ግን አድናቆቱ ወደ ማጉረምረም ተለወጠ። አሜሪካ ውስጥ ጫማ የማስወለቁ ደንብ በሐምሌ 2017 ዓ.ም ለመንገደኛው ቀርቷል። ቦሌ ላይ ቆሞ «አሜሪካ እኮ ቀረ» ብሎ የሚከራከር ሰው ግን ሰልፉን ያስረዝማል እንጂ ጫማውን አያድንም።

ሰልፍ ስትመርጡም የሰዉን ሳይሆን የዕቃውን ብዛት ቁጠሩ። አንድ አንድ ቦርሳ ብቻ ከያዙ አሥር ሰዎች ይልቅ ሁለት ጋሪ ሙሉ የጫነ አንድ ቤተሰብ ሊያቆማችሁ ይችላል።

ማሽኑ ምን ያያል?

ኤክስሬዩ የዕቃውን ዓይነት በቀለም ነው የሚለየው። ብረት ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ምግብ፣ ዱቄት፣ ጨርቅ፣ ወረቀት ብርቱካናማ ይሆናል። ችግሩ ብዙዎቹ ፈንጂዎችና አደንዛዥ ዕፆችም የሚታዩት በዚያው በብርቱካናማው ነው። እናታችሁ ጠቅጥቀው ያሰሩት ሦስት ኪሎ ሽሮ ስክሪኑ ላይ አንድ ወፍራም ብርቱካናማ ጡብ ነው። ፈታሹ ጠልቷችሁ አይደለም የሚያስቆማችሁ፤ ጡቡ ምን እንደሆነ ስለማያውቅ ነው።

አሜሪካ ደግሞ ከሰኔ 2010 ዓ.ም ጀምሮ ከውጭ ወደ እሷ በሚበሩ አውሮፕላኖች በእጅ ሻንጣ የሚያዝ ዱቄት ከ350 ሚሊ ሊትር ከበለጠ ተጨማሪ ፍተሻ እንዲደረግበት አድርጋለች። ምንነቱ ካልተረጋገጠ አይገባም። 350 ሚሊ ሊትር አንድ ጣሳ ለስላሳ ማለት ነው። እንግዲህ በርበሬው፣ ሽሮውና በሶው ቦታቸው በሚጫነው ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ነው።

ፈሳሽም እንዲሁ። በነሐሴ 1998 ዓ.ም እንግሊዝ ውስጥ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ፈንጂ ይዘው አውሮፕላኖች ሊያጋዩ ያሴሩ ሰዎች ከተያዙ ወዲህ በእጅ የሚያዝ ፈሳሽ በ100 ሚሊ ሊትር ዕቃ ተወስኗል። ልብ በሉ፣ የሚለካው ዕቃው ነው። ግማሹ ያለቀ የ200 ሚሊ ሊትር ቅባት አያልፍም። ቅቤ፣ ማርና አዋዜም ከፈሳሽ ነው የሚቆጠሩት። አዳዲስ ማሽን የተከሉ አንዳንድ የውጭ ኤርፖርቶች ደንቡን አላልተዋል፤ እናንተ ግን የምትነሱት ከቦሌ ነውና በመቶው ተመሩ።

ፓወር ባንክ የተገላቢጦሽ ነው፤ ከእጅ ሻንጣ መውጣት የለበትም። ባትሪው እሳት ቢያስነሳ ሰው ባለበት እንዲሆን ነው። እስከ 100 ዋት ሰዓት፣ ማለትም እስከ 27,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ገደማ ያለው አያስቸግርም። የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ከረሳችሁት ሻንጣችሁ ተነጥሎ ሊቀርና እናንተም ልትጠሩ ትችላላችሁ።

አደራ ጥብቅ

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከላይ ያልኩት ሁሉ የሚሠራው ሻንጣው የእናንተ ከሆነ ነው። እኛ አገር ግን የተጓዥ ሻንጣ የሰፈሩ ነው። ጉዞው ከተሰማ ጀምሮ «ይቺን ብቻ» የሚል ሰው በር ያንኳኳል።

አንድ ጊዜ ልሄድ ስል በዋዜማው ማታ አንዲት የሰፈራችን እናት ለልጃቸው የሚደርስ የተሰፋ ከረጢት ይዘው መጡ።

«እማማ፣ እንክፈተውና አብረን እንየው» አልኳቸው።

ፊታቸው ተለወጠ። «እኔን ጠረጠርከኝ ልጄ?»

«እርስዎን አይደለም። እዚያ ሲጠይቁኝ ግን መልስ የምሰጠው እኔ ነኝ። ምን እንደያዝኩ ካላወቅሁ ምን ልበል?»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ መቀስ አምጣ አሉኝና ስፌቱን በእጃቸው ፈቱት። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ከመሃሉ ደግሞ በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ሃይላንድ ጠበል። ልጃቸው ታማ ነበር። ከረጢቱን እንደተሰፋ በእጄ ይዤው ብሄድ ያ ጠበል ቦሌ ላይ ከተጣሉት የውሃ ጠርሙሶች ጋር ቅርጫት ውስጥ ይገባ ነበር። በላስቲክ ደራርበን አሰርነውና ትልቁ ሻንጣ መሃል ልብስ ውስጥ አስቀመጥነው። ደረሰላት።

«አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይባላል። እኔ እንደገባኝ አደራን መጠበቅ ማለት የተቀበሉትን ማወቅም ነው። ላለማስቀየም ብሎ ሳያዩ መቀበል ደግነት አይደለም። ጫትን ውሰዱ። እኛ ዘንድ በየሱቁ ይሸጣል። አሜሪካና ሳውዲ ዓረቢያ ግን ክልክል ነው፤ እንግሊዝም ከሰኔ 2006 ዓ.ም ጀምሮ ከልክላለች። «የደረቀ ቅጠል ነው፣ ሻይ ነው በሏቸው» ብሎ የሰጣችሁ ሰው እስር ቤት አብሯችሁ አይገባም። በተለይ እናንተ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የምትሄዱ እህቶች፣ ኤርፖርት በር ላይ የማታውቁት ሰው «ኪሎ በዝቶብኝ ነው፣ ይቺን ያዢልኝ» ቢላችሁ እምቢ በሉ። የሻሞ ጠርሙስም ቢሆን፣ የሕፃን ልብስም ቢሆን እምቢ። ሻንጣው ላይ የተለጠፈው ስም የእናንተ ነው። ቋንቋውን በማታውቁበት አገር «የእኔ አይደለም» ማለት ማንንም አያሳምንም።

ለምታውቁት ሰው ደግሞ ደንብ አውጡ፤ ከጉዞው ሁለት ቀን በኋላ የሚመጣ ዕቃ የለም፣ ያልተከፈተም አይገባም። የሚያኮርፍ ያኩርፍ። ኩርፊያ በስልክ ይበርዳል።

ቀልድ የማይወድ ቦታ

ፍተሻ ላይ «ምን ይዤ መሰላችሁ፣ ቦምብ!» የሚል ቀልደኛ አይጠፋም። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሳ አውሮፕላን «ቦምብ ይዘናል» ባሉ ሦስት ሰዎች ተጠልፎ፣ አውስትራሊያ ውሰዱን ሲሉ ነዳጁ አልቆ ኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ። ከ175ቱ ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች 125ቱ ሞቱ። ፈታሿ ቦርሳችሁን ደግማ ስትከፍት ፊታችሁን አታጥቁሩባት፤ የምትፈትሸው ከእናንተ ጋር ለሚሳፈሩትም ነው።

ቶሎ ማለፍ የሚፈልግ ወጣት በዋዜማው ማታ ሻንጣውን አልጋው ላይ ይዘርግፈውና አንድ በአንድ ራሱ ይመልሰው። «ሻንጣውን ራስህ ነህ ያዘጋጀኸው?» ሲሉት ዓይኑን ሳያርገበግብ «አዎ» የሚል ሰው፣ እሱ ነው የቦሌ አራዳ። በሰላም ግቡ!