ከፎቶው ጀርባ ያለው ቁጥር

ጋሼ ፎቶ ለደንበኛ ከማስረከባቸው በፊት የማያልፏት አንዲት ልማድ ነበረቻቸው። ፎቶውን ገልብጠው ጀርባው ላይ የጎማ ማኅተም ይመታሉ፤ ከማኅተሙ ሥር በእስክሪብቶ ቁጥር ይጽፋሉ፤ ያንኑ ቁጥር ትልቅ ደብተር ላይ ያሰፍራሉ። ፒያሳ ፎቶ ቤት ሳሉ የለመዱት ነው። አሜሪካ ገብተው ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ሱቅ ሲከፍቱም አልተዉትም።

እኔ እዚያ የተቀጠርኩት በ2001 ነው፤ ዘመኑን እዚህ አገር እንደሚቆጠረው በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው። ማታ ኮሌጅ ኮምፒውተር እማራለሁ፤ ቀን ስልክ አነሳለሁ፣ አልበም እደረድራለሁ፣ ሰርግ ሲኖር መብራት እይዛለሁ። «ኮምፒውተር ከተማርሽ እስቲ እኛንም ኢንተርኔት ላይ አውጪን» አሉኝ አንድ ቀን፣ ቀልድም ቁም ነገርም በሚመስል ድምፅ። በሦስት ሳምንት አወጣኋቸው።

ገጹ የዘመኑ ልጅ ነበር። ጽሑፉም ፎቶውም በሠንጠረዥ ውስጥ የተደረደረ ነው፤ ክፍተቱን የሚሞላው በዓይን የማትታይ የአንድ ፒክስል ምስል ነበረች። የፎቶዎቹን ወርድ ከ400 ፒክስል አላሳልፍም ነበር። ምክንያት ነበረኝ፤ ሰርጉ እዚህ ይደገስ እንጂ ፎቶውን የሚጠብቁት እናት አዲስ አበባ ናቸው፤ ኢንተርኔት ካፌ ገብተው በደቂቃ እየከፈሉ ነው የሚያዩት። በ56 ኪሎቢት ሞደም፣ መስመሩ ደኅና በዋለበት ቀን እንኳ፣ 40 ኪሎባይት የሆነ አንድ ፎቶ 8 ሴኮንድ ገደማ ይፈጃል። ቅልቅሉና መልሱ ተጨምሮበት 60 ፎቶ ሲሆን ሒሳቡ የእናቲቱን ቦርሳ ይነካል።

አማርኛው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረው። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ቢሆንም የሰው ሁሉ ኮምፒውተር ገና አላወቀውም ነበር። ስለዚህ በዘመኑ ፎንቶች እንጽፋለን። ፎንቱ ያለው ሰው «ሙሽሮቹ» ብሎ ያነበዋል፤ የሌለው የላቲን ፊደልና የነጥብ ጥርቅም ያያል።

ገጹ በተከፈተ በሳምንቱ ጋሼ ሳያማክሩኝ አዲስ ማኅተም አስቀርጸው መጡ። በስልኩ ፋንታ የድረ ገጹ አድራሻ ተጽፎበታል፤ ከሥሩም ለቁጥር የሚሆን መስመር አለ። የደብተሩን ቁጥር ለአልበሙ ፎልደር መጠሪያ እንዳደርገው አዘዙኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሱቁ የወጣ ፎቶ ሁሉ ጀርባው ላይ አድራሻውን ይዞ ሄደ፤ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ጎንደር፣ ወደ ቤይሩት፣ ወደ ቴል አቪቭ። ነገሩ ገርሞኝ ሳቅሁ። ኮምፒውተር ላይ የጻፍኩትን በማንኛውም ሰዓት ማረም እችላለሁ፤ በሰው አልበም ውስጥ በወረቀት ጀርባ የተጻፈውን ግን ማን ሄዶ ያርመዋል? ይህ ጥያቄ ያኔ አልመጣልኝም።

በ2006 ፍላሽ በሚባለው ፕሮግራም ፍቅር ወደቅሁ። አንዱ ፎቶ እየደበዘዘ ሌላው በላዩ ይመጣል፤ ከሥር የሰርግ ዘፈን ይንቆረቆራል። ደንበኞችም ወደዱት። የአራት ዓመት አልበሞችን እዚያ ውስጥ ከተትኳቸው። በ2007 የወጣው አይፎን ግን ፍላሽ አያሳይም ነበር። ስቲቭ ጆብስ በ2010 ለምን እንደማይቀበለው የሚያስረዳ ግልጽ ደብዳቤ ሲያወጣ፣ የኛ ሙሽሮች በስልካቸው ባዶ ሣጥን ማየት ከጀመሩ ቆይተዋል።

ትልቁን ስሕተት የሠራሁት በዚያው ዓመት ነው። አንድ ዓርብ ሌሊት አሮጌውን ጠራርጌ አንሥቼ በዎርድፕረስ የሠራሁትን አዲስ ገጽ በቦታው ተካሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ነገር ሠርቼ አላውቅም። አድራሻዎቹ እንኳ አምረው ነበር፤ ደረቅ ቁጥር ቀርቶ የሙሽሮቹ ስም ሆኗል። ቅዳሜና እሑድን ደስ ብሎኝ አሳለፍኩ።

ሰኞ ጠዋት ስልኩ ይጮህ ጀመር። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፤ ጠፋ። ከሁሉም ያልረሳኋቸው ከአዲስ አበባ የደወሉት እናት ናቸው። «የኔ ልጅ፣ የልጄን ሰርግ ብከፍተው የለም ይለኛል። ተፋቱ እንዴ? ደብቃችሁኝ ነው?» አሉኝ። አልተፋቱም ብዬ ማልኩላቸው። ስልኩን ዘግቼ ልስቅ ስል ሳቁ አልወጣልኝም።

ጋሼ አልተቆጡም። ሻይ አስቀርበው ስለ ፒያሳ ያወሩኝ ጀመር። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ለለቅሶ የሚሆን ትልቅ ፎቶ ይፈልጋል። የኪስ ቦርሳ ውስጥ ያረጀች ጉርድ ፎቶ ይዞ ይመጣል። ገልብጠው ቁጥሩን ያያሉ፤ መሳቢያውን ስበው ኔጌቲቩን ያወጣሉ፤ ማታ ጨለማ ክፍል ገብተው ያሳድጉታል፤ ቀብሩ ሳይደርስ ይደርሳል። «እዚያ ሳለን ሁለቴ ቤት ለውጠናል። መደርደሪያም ለውጠናል። ቁጥር ግን ለውጠን አናውቅም» አሉኝ። «ቁጥሩኮ የኛ አይደለም፤ ለሰውዬው ሰጥተነዋል።»

ዓለም አቀፉን ድር የፈጠረው ቲም በርነርስ ሊ በ1998 በጻፈው ጽሑፍ፣ ጥሩ የገጽ አድራሻ የማይለወጥ ነው ብሎ ይሟገታል። እኔ ያነበብኩት ከዚያ ሰኞ በኋላ ነው። ጋሼ ግን ያነበቡት አይመስለኝም።

የዚያኑ ሰኞ ማታ አሮጌውን ገጽ ከመጠባበቂያ ቅጂው መለስኩት፤ አዲሱን ከጎኑ አቆምኩት። ከዚያ ወዲህ ደንባችን አንድ ሆነ፤ ሰው ያለበት ቤት አይፈርስም፣ ክፍል በክፍል ይታደሳል። አንድ አልበም ወደ አዲሱ አዛውራለሁ፤ ፎቶዎቹን እቆጥራለሁ፤ ስሞቹን አነባለሁ፤ ሁሉ ሲስተካከል ብቻ ሰርቨሩን በ301 አዝዘዋለሁ። 301 ማለት «የምትፈልገው ለዘለቄታው ወደዚህ ዞሯል» ብሎ እጅ ይዞ የሚያደርስ መልስ ነው። የድሮ ቁጥሩን የጻፈ ሰው መንገድ መለወጡን እንኳ ሳያውቅ ይደርሳል። ያልታደሰው አልበም በአሮጌ ልብሱ ይቆያል፤ አያምርም፣ ግን ይከፈታል።

በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት አልበም ነበር የሚገፋልኝ። ከሁሉ የለፋሁት በጽሑፉ ላይ ነው። ፊደላችን ብዙ ስለሆነ በድሮው አጻጻፍ በአንድ ፎንት አልበቃ ብሎ በሁለት ተከፍሎ ነበር፤ ያው አንድ ምልክት በአንደኛው ፎንት አንድ ፊደል፣ በሁለተኛው ሌላ ፊደል ነው። መለወጫ ሠንጠረዡን ከሠራሁ በኋላም እያንዳንዱን ስም በዓይኔ ማየት ነበረብኝ፤ የሰው ስም ላይ የፊደል ስሕተት ሰርግ ያበላሻል። በዩኒኮድ ለመጻፍ የደፈርኩት ኒያላ የተባለው ፎንት ከቪስታ ጀምሮ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ በመምጣቱ ነው።

ፎቶዎቹን በተመለከተ አሮጌው ከአዲሱ ይልቅ ረድቶኛል። በፊልም የተነሡትን ሰርጎች ጋሼ በቁጥራቸው ከመሳቢያ አወጡልኝ፤ በስካነር እንደገና ሳነሣቸው በ2001 ያልታየው የቀሚስ ጥልፍ ሳይቀር ታየ። ዲጂታል ከገዛን በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ዓመታት ግን ሲዲ ላይ ነበሩ። ከሲዲዎቹ ጥቂቶቹ አልነበብ አሉ። ከእነዚያ ሰርጎች የቀረው ያ የ400 ፒክስሉ ብቻ ነው። ለጥጬ ላሳድገው ሞከርኩ፤ ፊቱ ሁሉ ሰም መሰለ። በራሱ መጠን፣ በሰፊ ነጭ ገጽ መሐል ተውኩት። ያን ሰኞ ከመጠባበቂያ ቅጂው ባልመልሰው ኖሮ እሱም አይኖርም ነበር።

ሌላው ሌላው የእጄ ጥፋት ነው። የመጀመሪያው ሰርቨር ዊንዶውስ ስለነበረ የላቲኑን ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም፤ ወደ ሊኑክስ ስንዛወር ይለይ ጀመር፤ ካሜራው በትልቁ የሰየማቸውና እኔ በትንሹ የጠራኋቸው ፎቶዎች በአንድ ቀን ተሰወሩ። በሐምሌ 2018 ክሮም ምስጠራ የሌለውን ገጽ ሁሉ «ደኅንነቱ ያልተጠበቀ» ይለው ጀመር። የምስጠራውን ሰርተፍኬት በነፃ አገኘሁት፤ በአሮጌዎቹ ገጾች ውስጥ ሙሉ አድራሻቸው በእጅ የተጻፈ ምስሎችን ግን አንድ በአንድ አረምኩ። ፍላሽ ታኅሣሥ 31 ቀን 2020 ድጋፉ ሲያበቃ የመጨረሻዎቹን አልበሞች ካወጣሁ ሦስት ሳምንት ሆኖኝ ነበር። ዘፈኑን ግን ተውኩት፤ ማንም አልጠየቀኝም።

በዚህ መሐል አንድ ልማድ ያዝኩ። ቅዳሜ ጠዋት ቡና ይዤ ሰርቨሩ «አላገኘሁም» ያለበትን ዝርዝር፣ ማለትም የ404ቱን መዝገብ አነባለሁ። ብዙው የማሽን ኮተት ነው። በመሐል ግን ሰው አለ። ለምሳሌ 7 ያለባቸው የሌሉ ቁጥሮች እየበዙ ሲመጡ ጊዜ ግራ ገባኝ፤ በኋላ ደብተሩን ስመለከት የጋሼ 1 ሰባት ትመስላለች። በፎቶው ጀርባ ያለውን ያነበበ ሰው ሁሉ ይሳሳታል። ለነዚያም መንገድ አበጀሁላቸው። የጋሼን የእጅ ጽሑፍ ለሰርቨር ያስተማርኩ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ሁሉን ማቆየት ግን ደግ ሥራ ብቻ አይደለም። አንዲት ሴት ደውላ ሰርጓን እንዳነሣላት ለመነችኝ፤ እሷ በእርግጥ ተፋትታለች። ጋሼ «የሷ ነው፣ አንሺላት» አሉ። አነሣሁት፤ ቁጥሩን ግን ለሌላ አልሰጠሁም። በ404 ፋንታ 410 እንዲመልስ አደረግኩ። የመጀመሪያው «አላገኘሁም» ነው፤ ሁለተኛው «ነበረ፣ ሄዷል፣ አትጠብቅ» ነው። ለቅሶ ቤት ለመጣ እንግዳ በሩን ዘግቶ ዝም የማለትና በሩን ከፍቶ የመንገር ያህል ይለያያሉ።

ከመዝገቡ የማልረሳውን ያየሁት በ2019 አንድ ቅዳሜ ነው። በገጹ አናት «ከፎቶው ጀርባ ያለውን ቁጥር ያስገቡ» የሚል ሣጥን አለ። አንድ ሰው በዚያ ሣጥን ውስጥ 3412/76 ብሎ አስገብቷል፤ አላገኘም፤ ደግሞ አስገብቷል፤ አራት ጊዜ። የኛ ቁጥር እዝባር የለውም። ስሕተት ነው ብዬ ላልፈው ስል ለጋሼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ዝም ብለው አዩት።

«ይኼ የፒያሳ ቁጥር ነው» አሉ። «76 ዓመተ ምሕረቱ ነው። የኛ።»

ሰውዬው የፒያሳውን ፎቶ እንዴት ከዚህ ሱቅ ጋር እንዳገናኘው አናውቅም። ኔጌቲቩ አዲስ አበባ ቀርቷል፤ ደብተሩም የለም። ልናደርግለት የምንችለው ነገር አልታየኝም። ጋሼ ግን ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና አስጻፉኝ፦ ቁጥሩ የኛ ነው፤ ኔጌቲቩ እዚህ የለም፤ ፎቶው በእጅዎ ካለ ያምጡልን ወይም ይላኩልን፣ ያለ ክፍያ አንሥተን እናስቀምጠዋለን።

ለገጹ ቁጥሩን ልሰጠው ስል ሰርቨሩ አስቸገረኝ። በድረ ገጽ አድራሻ እዝባር ማለት ወደሚቀጥለው ፎልደር ግባ ማለት ስለሆነ 3412 የሚባል ፎልደር እየፈለገ ይመለሳል። በሠረዝ ልተካው ብዬ ጋሼን ጠየቅኋቸው።

«ከጀርባው ምን ተብሎ ነው የተጻፈው?» አሉኝ።

3412 የሚባል ፎልደር ከፈትኩ፤ በውስጡ 76 የሚባል ገጽ አኖርኩ።