ከዋሻው ማዶ ያለው በረዶ

ባለፈው ጥር ዴንቨር ያለችውን ልጄን ልጠይቅ ሄጄ፣ ከልጅ ልጄ ጋር በባቡር ወደ ዊንተር ፓርክ ወጣን። 10 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን የሞፋት ዋሻ ስንጨርስ ዓይን የሚወጋ በረዶ ተቀበለን። የመንሸራተቻ ሥፍራውን እ.ኤ.አ. በ1940 የከፈተው የዴንቨር ከተማ ነው፤ ዛሬም ንብረቱ ነው።

ዕድሜዬን ስብራት ሳስታምም የኖርኩ ነርስ ነኝና «ብትወድቅስ?» እያልኩ ልጁን አሰለቸሁት። ይህን ስል አንድ እግር ብቻ ያላት ልጅ፣ ጫፋቸው ላይ ትንሽ መንሸራተቻ ያለባቸው ሁለት ምርኩዞች ይዛ፣ ሽው ብላ አለፈችን። እዚህ ተራራ ላይ እ.ኤ.አ. በ1970 ሃል ኦሊሪ የተባለ አስተማሪ ከዴንቨር የሕፃናት ሆስፒታል የመጡ እጅ ወይም እግር ያጡ ልጆችን ማሠልጠን ጀመረ፤ ያ ጅምር ዛሬ የአካል ጉዳተኞች ስፖርት ማዕከል ሆኗል። እኔ በሥራ ዘመኔ ለእንዲህ ያሉ ልጆች እናቶች «ትጎዳብሻለች፣ ከቤት አታውጫት» እል ነበር።

የልጁን ሄልሜት ማሰሪያ አጠበቅኩለትና «በል ሂድ» አልኩት።