የሐምሌ ነፋስ በካርቲየ 7 ቢስ

ሐምሌ ሲባል ለደገኛ የሚታየው ጭቃ፣ ጉምና የተጠበሰ በቆሎ ነው። ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 7 ቢስ ሰፈር ለኖረ ኢትዮጵያዊ ግን ሐምሌ ካምሲን ነው። ከበረሃው በኩል፣ ከምዕራብና ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣ ደረቅ ነፋስ። አሸዋ ተሸክሞ ይገባል፣ የጣሪያውን ቆርቆሮ ያንቀጠቅጣል፣ በጥርስ መሀል ይንቀጫቀጫል። ሙቀቱ 40 ዲግሪን አልፎ ቀናት ሲሰነብት ሰው ሌላ ወሬ ያልቅበታል። አቅም ያለው ቤተሰቡን ይዞ ወደ አርታ ተራራ፣ ወደ አሊ ሳቢህ ወይም እስከ ድሬዳዋ ይሸሻል። አቅም የሌለው እዚያው ይከርማል።

እኔ ጅቡቲ የገባሁት በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ በሐምሌ፣ በድሮው ባቡር ነው። ዘመኑን የምጠራው በእኛ አቆጣጠር ነው። ከድሬዳዋ ተነስተን አዲጋላን፣ አይሻን፣ ደወሌን ስናልፍ ሙቀቱ በየጣቢያው ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ይመጣ ነበር። በአንዱ ጣቢያ ሹራብ ይወልቃል፣ በሚቀጥለው ሸሚዝ ይከፈታል፤ ልምድ ያላቸው ነጋዴ ሴቶች ደግሞ ገና ድንበሩ ሳይደረስ ሻሻቸውን ውሃ ነክረው ራሳቸው ላይ ጣል ያደርጋሉ። አሊ ሳቢህን አልፈን ወደ ባሕሩ ቁልቁል ስንወርድ በመስኮቱ የሚገባው አየር ከምድጃ አፍ የሚወጣ መሰለኝ። ቢሆንም ያ ዝግተኛ ባቡር አንድ ውለታ ነበረው፤ ሰውን እያለማመደ ነበር የሚያወርደው። ከ2009 ወዲህ ያለው የኤሌክትሪክ ባቡር መስኮቱ ዝግ፣ ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። ናጋድ ጣቢያ በሩ ሲከፈት ሙቀቱ በአንድ ጊዜ ፊት ላይ ያርፋል።

የተከራየሁት ክፍል ግድግዳው ጣውላ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነበር። በአንድ ግቢ ዙሪያ የተደረደሩ እንዲህ ያሉ ክፍሎች ነበሩ፤ ወደብ የሚሠራ የሐረር ሰው፣ ከታጁራ የመጣች አፋር እናት ከነልጆቿ፣ አንድ የመናዊ ቸርቻሪ፣ እኔ። የግቢው ባለቤት ሁላችንም ሆዮ የምንላት ሶማሌ ሴት ነበረች። ድሬዳዋ ያደገች ናትና አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥን ነበር። ሲመሽ አልጋው ሁሉ ወደ ግቢው ይወጣል። ክፍል ውስጥ የሚተኛ ሰው የታመመ ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን ከነፍራሹ ተሸክመን እናወጣው ነበር።

ሆዮ በመጀመሪያው ሌሊት አንሶላዬን ከእጄ ነጥቃ ባልዲ ውስጥ ነከረችው፣ ጨምቃ መለሰችልኝ። «ልበሰውና ተኛ፣ ሳይደርቅ እንቅልፍ ይውሰድህ» አለችኝ። ነፋሱ በእርጥቡ ጨርቅ ላይ ሲያልፍ ብርድ ብርድ አለኝ። በካምሲን ሌሊት፣ ጅቡቲ ውስጥ! ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አንሶላው እንደ ወረቀት ደርቆ ተንኮሻኮሸ፤ ተነስቼ ደግሜ ነከርኩት። ከግቢው ማዶ፣ ከማዶም ወዲያ ባለው ግቢ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሰው እየተነሳ አንሶላ ሲጨምቅ ይሰማል። የመጠጥ ውሃውም በእርጥብ ጆንያ በተጠቀለለ ጠርሙስ ጥላ ስር ተሰቅሎ ይቀዘቅዝ ነበር። ከቧንቧ የሚመጣው ውሃ ጨው ጨው ስለሚል ሻዩ ስኳር አይጠግብም፤ መቀዝቀዙ ግን ያስመሰግነው ነበር።

«ካምሲንን አትርገመው» ትለኝ ነበር ሆዮ። «አንሶላህ ቶሎ ሲደርቅ ደግ ነው። አልደርቅ ያለ ለት ነው መፍራት።» ግንቦትና መስከረም ሲመጣ ገባኝ። በእነዚያ ወራት ነፋሱ ይተኛና የባሕሩ እርጥበት ከተማው ላይ ይቀመጣል። የሙቀቱ ቁጥር ከሐምሌው ያንሳል፣ ስቃዩ ግን ይብሳል። አየሩ ራሱ ውሃ ስለጠገበ ከሰውነት የወጣው ላብ አይተንም፣ የተነከረው አንሶላም ሌሊቱን ሙሉ እንደረጠበ ያድራል። ሆዮ ትምህርት ቤት ሳትገባ የምታውቀውን ይህን ነገር እኔ በኋላ ነው ከመጽሐፍ ያነበብኩት።

ከዚያው ንባብ ያገኘሁት ሌላ ነገር ግን እስከ ዛሬ ይገርመኛል። በክረምት ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው ነፋስ እርጥበቱን በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ያራግፋል፤ የጎጃምና የሸዋ ዝናብ ያ ነው። ተራራውን ተሻግሮ ወደ አፋር በረሃና ወደ ቀይ ባሕር ሲወርድ ግን ባዶውን ነው። ደረቅ አየር ቁልቁል በወረደ ቁጥር ይታመቃል፣ ይሞቃል፤ በየ1000 ሜትሩ ወደ 10 ዲግሪ ገደማ። እንግዲህ እናቴ ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢ ደርባ በመስኮት የምታየው ዝናብና እኔን ካርቲየ 7 ቢስ ላይ አንሶላ የሚያስነክረኝ ነፋስ የአንድ ክረምት ሁለት ፊት ናቸው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ካምሲን ሲነሳ አገሬ እየዘነበ ነው እል ነበር፤ ያጽናናኝም ነበር።

ዝናብ ሰፈራችን የሚጎበኘው አልፎ አልፎ ነው። አዲስ አበባ በሐምሌ ብቻ የምታገኘው ዝናብ ጅቡቲ ዓመቱን ሙሉ ከምታገኘው ይበልጣል። ስለዚህ ድሮ ጠብ ሲል ሥራ ይቆም ነበር። ሕፃናቱ ራቁታቸውን ይወጣሉ፣ ሴቶቹ ድሪያቸውን ለብሰው በዝናቡ መሀል ይቆማሉ፣ ባልዲ፣ ድስት፣ ሳፋ ሁሉ ጣሪያ ስር ይደረደራል። ጃንጥላ ዘርግቼ ስወጣ ሰፈሩ ሁሉ ሳቀብኝ፤ ከዝናብ የሚሸሽ ሰው አይተው አያውቁማ።

ያ ደስታ የተሰበረው በ1996 ነው። ፋሲካ በዚያ ዓመት ሚያዝያ 3 ዋለ። እኛ ኢትዮጵያውያን ገና ዶሮውን ሳንጨርስ፣ ከሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ዝናቡ ወረደና ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚከርመው የአምቡሊ ወንዝ ሞልቶ ወጣ። ሰዎች በተኙበት ተወሰዱ። የሞቱት ከ50 በላይ ነበሩ፤ የወንዙን ደረቅ አፍ ተጠግተው ጎጆ የቀለሱ ድሆች፣ ከእነሱም መሀል ስደተኞች። ግቢያችን የገባው ውሃ የአልጋ እግር ዋጠ። ሆዮ ያን ሌሊት ከእኛ ዝቅ ያሉትን ጎረቤቶች ሁሉ ከፍ ያለው ክፍሏ ውስጥ አጎረቻቸው፤ ማን ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ አልጠየቀችም። ቀሪውን ድፎ ዳቦ ለልጆቻቸው ቆረስኩ። ውሃው ሲሸሽ ግድግዳው ላይ የጭቃ መስመር ትቶ ሄደ፤ ሆዮ ለዓመታት ሳታስጠርገው አቆየችው።

ከዚያ ወዲህ ዝናቡ እየከረረ ነው የመጣው። በግንቦት 2010 ሳጋር የተባለው አውሎ ነፋስ በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል መጥቶ የዓመት ያህሉን ዝናብ በአንድ ቀን አፈሰሰው። በኅዳር 2012 ደግሞ የሁለት ዓመቱ በአንድ ቀን ወረደ ተባለ፤ መንግሥትና የተባበሩት መንግሥታት የተጎዳውን ሕዝብ እስከ 250,000 አደረሱት። ዛሬ ሰማዩ ሲደምን ማንም ባልዲ አያወጣም፤ ሁሉም ፍሪጁን ጡብ ላይ ይሰቅላል።

ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ ወደ ድሮው ግቢ ሄጄ ነበር። ሆዮ አርፋለች፤ ግቢውን ልጇ ይዛዋለች። ጣውላው በብሎኬት ተተክቷል፣ በየክፍሉ ክሊማቲዘር የሚሉት የአየር ማቀዝቀዣ ተሰክቷል። መብራቱ ባብዛኛው በከፍተኛ ኃይል መስመር ከኢትዮጵያ ይመጣል፣ ውሃውም ከ2009 ጀምሮ ከአዲጋላ በኩል በቧንቧ ይደርሳል። ደስ ብሎኛል። የደጋው ዝናብ ግድብ ሞልቶ፣ በሽቦ ተሻግሮ የሆዮን የልጅ ልጆች ያቀዘቅዛል፤ ድሮ ዝናቡን እዚያው ትታ ሙቀቱን ብቻ የምትልክልን አገሬ አሁን ቅዝቃዜውንም ማካፈሏ ትልቅ ነገር ነው። ሕፃናት በሙቀት ብዛት ሳያለቅሱ ያድራሉ። ይህን ለማቃለል የሚፈልግ ሰው አንድ የካምሲን ሌሊት ቆርቆሮ ስር አድሮ ይምጣ።

ግቢው ግን ባዶ ነው። ሲመሽ በሮች ይዘጋሉ፤ የሚሰማው የሞተሮቹ ጉርምርምታ ነው። ያ ሁሉ ሳጥን ከቤት የሚያወጣውን ሙቀት የሚተፋው ወደ መተላለፊያው ነው፤ መተላለፊያው ላይ ያለው ደግሞ ክሊማቲዘር መግዛት ያልቻለው ሰው ነው። ድሮ ሙቀቱን ሁላችንም እኩል እንካፈለው ነበር። አሁን አንዱ ለሌላው ያስተላልፈዋል።

ከግቢው ጀርባ ባለው ግድግዳ ስር አንድ ልጅ ተቀምጦ አየሁ። ከአንዱ ክሊማቲዘር ቱቦ ጠብ ጠብ የሚለውን ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ይቀበላል። በአማርኛ ሰላም ስለው ደነገጠ። ከወሎ ነው፤ በእግር መጥቷል፤ ወደ ኦቦክ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን ሊሄድ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ሰላምታውን እንደጨረስን «ጋሼ፣ እዚህ አገር ክረምቱ መቼ ነው?» አለኝ። ይኸው ይሄ ነው አልኩት። ዝም አለና፣ ቤተሰቦቹ በስልክ ዘንድሮ ጥሩ ዘንቧል እንዳሉት ነገረኝ።

ይህ ልጅ ብቻውን አይደለም። በካምሲን ወራት በዚያ መንገድ የሚያልፉት የእኛው ልጆች ብዙ ናቸው፤ በውሃ ጥም በረሃ ላይ የሚቀሩም አሉ። ከተማው ውስጥ የተደላደልነው ኢትዮጵያውያን ደግሞ በመኪና መስኮት እያየን እናልፋቸዋለን። ልባችንን ሲያመን ለቆንስላው እንነግራለን፣ ሲብስብን ለኢትዮጵያውያን ማኅበር።

ሆዮ ከግቢው በር ውጭ፣ በጥላው በኩል፣ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ጀሪካንና አንድ ጣሳ ታስቀምጥ ነበር። አላፊ አግዳሚው ጠጥቶ ያልፋል። ልጇ ሻይ ስትቀዳልኝ ስለ ጀሪካኑ ጠየቅኋት።

«እሱማ ቀረ» አለችኝ። «ያኔ በዚህ የሚያልፈው ሰው ይታወቅ ነበር፣ ጋሼ። አሁን ማን ማን እንደሆነ በምን ይታወቃል?»

እኔ በዚህ በር ስገባ የሚያውቀኝ አንድ ሰው አልነበረም፤ ይህንንም ነገርኳት።