ሂቢስከሱን ለመንቀል አትቸኩሉ

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ የአትክልት ወዳጆች፣ ብርድ የሚችለውን ሂቢስከስ ሞቷል ብላችሁ እንዳትነቅሉት አደራ። በረዶ ሲመጣ አገዳው እስከ መሬት ድረስ ይደርቃል። ኤፕሪል ላይ ግቢው ሁሉ ሲለመልም እንኳ እሱ ምንም አያሳይም። ሥሩ ግን ሕያው ነው። አፈሩ በደንብ ሲሞቅ፣ ብዙውን ጊዜ ሜይ ውስጥ፣ ቡቃያው ብቅ ይላል፤ ከዚያ በኋላ እድገቱ ጉድ ያሰኛል!

የሚያብበው በዚያው ዓመት በበቀለው ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ፣ ደረቁን አገዳ ቡቃያው ሳይወጣ ብትቆርጡት አበባው አይቀንስም።

አበባው ደግሞ የምግብ ሰሃን ያክላል፤ 20 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ የሚሰፋ አለ። ዕድሜው አንድ ቀን ብቻ ነው። ዛሬ የፈካው ነገ ተጠቅልሎ ይረግፋል፤ ደግነቱ አጠገቡ ያለው እምቡጥ ተራውን ይይዛል። ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር እንዲህ እየተተካካ ይዘልቃል። እኔ ለዚህ አካባቢ ሙቀት ከእሱ የተሻለ አበባ አላውቅም።

የተፈጥሮ መኖሪያው ረግረጋማ ቦታ ነውና ውሃ ሲያጥረው እምቡጡን ይጥላል። ጥላ ሥር ከተተከለም አበባው ይሳሳል፤ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ያስፈልገዋል።

እባካችሁ፣ እስከ ጁን መጀመሪያ ታገሡት።