ድር ቢያብር፣ ድር ቢለያይ

የጋዜጠኝነት ምሩቅ ስለ ራዳር ምን አግብቷት ትጽፋለች? ትሉ ይሆናል። ያገባኛል! የብሪታኒያ ራዳር የተጀመረው በእኛው ሙያ መሣሪያ፣ በሬዲዮ ጣቢያ ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1935 ዋትሰን ዋት እና ዊልኪንስ የተባሉ ሰዎች ከዳቬንትሪ የሚሰራጨው የቢቢሲ አጭር ሞገድ ከአንድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ላይ ነጥሮ ሲመለስ ያዙት። አብራሪው አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ሞገዱ ተናገረበት።

ከዚያ በኋላ አንቴናዎች በዙ። በተለመደው አሠራር ብዙ አንቴናዎች ተደርድረው አንድ ዓይነት ሞገድ ይልካሉ። ጊዜያቸውን በጥቂቱ እያዛነፉ ጉልበታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ ያጠራቅሙታል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንዲሉ።

እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ግን አንዳንድ ተመራማሪዎች ተቃራኒውን ማጥናት ጀመሩ። እያንዳንዱ አንቴና የራሱን የተለየ ሞገድ ቢልክስ? «ማይሞ ራዳር» የሚባለው ይህ ነው። አንቴናዎቹ በየተራ ሊልኩ ይችላሉ፣ ወይም በተለያየ ድግግሞሽ፣ ወይም በተለያየ ኮድ። ተቀባዩ የእያንዳንዱን ሞገድ ቅርጽ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ተደባልቆ የመጣውን እያመሳከረ «ይህ የአንደኛው ነው፣ ያ የሦስተኛው ነው» ብሎ ይለየዋል።

ጥቅሙ በቁጥር ይታያል። 3 ላኪና 4 ተቀባይ አንቴና በትክክል ከተቀመጡ እንደ 12 ተቀባይ ይሠራሉ፤ እያንዳንዱ ተቀባይ ሦስት የተለያዩ ድምፆችን ለይቶ ይሰማልና። በአንድ ላኪ ቢሆን ኖሮ 13 አንቴና ይፈልግ የነበረውን ሥራ 7ቱ ይሠሩታል ማለት ነው። ዛሬ መኪና ላይ የሚገጠሙ በ77 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሚሠሩ ትንንሽ ራዳሮች ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ነገሮችን ለመለየት በዚህ ዘዴ ይጠቀማሉ።

ሌላም ጥቅም አለ። አንድ አውሮፕላን ከአንድ አቅጣጫ ሲታይ ብዙ ሞገድ ይመልሳል፤ ትንሽ ዞር ሲል ደግሞ የሚመልሰው እጅግ ሊያንስ ይችላል። አንቴናዎቹ ተራርቀው ከተተከሉ ከአንዱ ቢሰወር ሌላው ሊያገኘው ይችላል።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ ሽንኩርት ነው። ከምረቃ በኋላ በሠራሁበት አንድ ዝግጅት ክፍል ስለ ሽንኩርት ዋጋ ዜና እንድሠራ ታዘዝኩ። መግለጫው «አቅርቦቱ በቂ ነው» ይላል። እኔ ደግሞ ገበያ ወርጄ አንዲት ቸርቻሪ፣ አንድ የጭነት መኪና ሹፌርና አንድ ገበሬ አነጋገርኩ። ሦስቱም የየራሳቸውን ነገሩኝ። አለቃዬ «ከሌሎቹ ጋዜጦች ጋር አይሄድም» ብሎ ሦስቱንም ሰረዛቸው። በማግስቱ አራት ጋዜጣ ገዝቼ አነበብኩ። አራት አንቴና፣ አንድ ሞገድ!

ልዩነት ግን በነጻ አይገኝም። የማይሞ ራዳር ጉልበቱን በሰፊው ስለሚበትነው ሩቅ ያለ ትንሽ ነገር ለማግኘት ረዘም ላለ ጊዜ ማድመጥ አለበት። ሞገዶቹ መለያየታቸው ብቻም አይበቃም። ተቀባዩ አንዱን ከሌላው መለየት ካልቻለ የሚሰማው ጫጫታ ነው። ለዚህ ነው መሐንዲሶቹ ሞገዶቹን እንዳይምታቱ አድርጎ ለመቅረጽ ይህን ሁሉ የሚደክሙት።

በእኛ ሙያም እንዲሁ ይመስለኛል። ሁሉም እንደፈለገ ይጩህ ማለቴ አይደለም። ማን እንደተናገረው የማይታወቅ ድምፅ ወሬ እንጂ ዜና አይሆንም። ግን ቸርቻሪዋ በስሟ፣ ሹፌሩ በስሙ፣ ገበሬውም በስሙ፣ መግለጫውም በባለቤቱ ስም ተለይተው ቢቀርቡ ኖሮ አንባቢ ሽንኩርቱ የት ላይ እንደቀረ ራሱ አመሳክሮ ይደርስበት ነበር።

ሽንኩርቱማ ከመግለጫውም በኋላ መወደዱን አልተወም።