የእጣቢው መንገድ

ልብስ ማጠብ በኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ የወንዝ ዳር ሥራ ነበረ። አጣቢው ልብሱን ተሸክሞ ወደ ውኃው ይወርዳል እንጂ ውኃው ወደ ልብሱ አይመጣም ነበር። ስለዚህ እጣቢው ከዚያ በኋላ ወዴት ይሄዳል ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም አልነበረም፤ ወንዙ ራሱ ይዞት ይሄድ ነበርና። ነቢዩ ኢሳይያስም ንጉሥ አካዝን እንዲገናኘው የታዘዘበት ስፍራ፥ የላይኛው ኵሬ ውኃ በሚወርድበት መስኖ ጫፍ፥ በልብስ አጣቢው እርሻ መንገድ ነበረ። ይህም በዚያ ዘመን አጣቢዎች ሥራቸውን ከውኃው አጠገብ ያደርጉ እንደ ነበረ ያስረዳል። ዛሬ ግን ነገሩ ተገልብጧል። ውኃው በቧንቧ ወደ ልብሱ ይመጣል፤ እጣቢውም በሰው ቤት ውስጥ ይቀራል። የልብስ ማጠቢያ መኪና የሚገዛ ሰው፥ አወቀውም አላወቀውም፥ አንዲት ትንሽ ወንዝ ወደ ቤቱ ማስገባቱ ነው፤ ወንዝም መውጫ ትፈልጋለች።

መኪናው ራሱ የትናንት ፍጥረት አይደለም። በጀርመን አገር በሬገንስቡርግ ከተማ ይኖር የነበረ ያዕቆብ ክርስቲያን ሼፈር የሚባል የወንጌላውያን ቄስ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1767፥ በእጅ ስለሚሠራ የልብስ ማጠቢያ መኪና መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። ቄስ ስለ ልብስ እጥበት መጻፉ የሚያስደንቀው ሰው ቢኖር፥ የነጭ ልብስ ድካም ከካህን ቤት ይልቅ በማን ቤት እንደሚበዛ ይናገር። በዚያ ዘመን ግን ውኃውን የሚሞላውም የሚደፋውም የሰው እጅ ስለ ነበረ፥ እጣቢው የት እንደሚደፋ የሚደፋው ሰው ያውቅ ነበር።

በአዊ አገር የዚህ መኪና ምኞት ምክንያት አለው። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች፥ ብርዷም ዝናሟም የበዛ ከተማ ናት። በክረምት የታጠበ ጋቢ ሳይደርቅ ሰንብቶ ይሸታል፤ ስለዚህ ብዙዎች መኪናውን የሚፈልጉት ከማጠቡ ይልቅ ስለ መጭመቁ ነው። ዳንግላ ዝቅ ትላለች፤ ብርዷም ይቀላል። ነገር ግን በዳንግላና በዙሪያዋ የከርሰ ምድር ውኃ ቅርብ ስለ ሆነ፥ በእጅ የተቈፈረ የውኃ ጉድጓድ በየግቢው ይገኛል። በበጋ ገመዱ ይረዝማል፤ በነሐሴ ግን ውኃው እስከ አፍ ሊቀርብ ጥቂት ይቀረዋል። የእጣቢው ነገር እንደ ቀልድ የማይታለፈው ስለዚህ ነው።

በዚሁ በዳንግላ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር፥ የባለቤታቸው የእጅ አንጓ ስለ ታመመ፥ ከማድ ቤቱ ኋላ ያለችውን የዕቃ ክፍል የልብስ ማጠቢያ ሊያደርጓት አሰቡ። የቧንቧ ሠራተኛ ተጠራ። ሠራተኛውም ክፍሉን አየና፥ «ጋሼ፥ ይህማ ቀላል ነው። ግድግዳውን በስተን ቱቦውን ወደ ውጭ እንለቀዋለን፤ ውኃው መንገዱን ራሱ ያገኛል» አለ። ባለቤቲቱ ቡና ስታቀርብ ሰምታ ኖሮ፥ «መንገዱማ የታወቀ ነው፤ ወደ እማሆይ ግቢ ነው» አለች።

እማሆይ ከእነርሱ ግቢ በታች ብቻቸውን የሚኖሩ መነኵሲት ናቸው። ጉድጓዳቸው ከአጥሩ ሥር ነው። ነገሩን በሰሙ ጊዜ መጥተው ክፍሉን አዩና፥ «ልጄ፥ ቤትህ ሲያምርልህ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ጉድጓዴን አደራ፤ የዝክሩን ጠላ የምጠምቀው ከእርሱ ነው» አሉ። መምህሩም አሳባቸው በመግቢያው ቧንቧ ላይ ብቻ ነበረና መልስ አላገኙም።

እጣቢ ከሚወርድበት ስፍራ ያለውን ሕይወት መንካቱን ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ በግልጥ አሳይተዋል። በ1964 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በዓድዋ ሳሉ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፈው አዩ። እነዚያ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉ ስለ ነበሩ፥ እንዶድ በሽታውን ለመከላከል እንዲያገለግል ምርምራቸውን ቀጠሉ፤ በ1989ም ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋራ «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። በዚያ የሞተው የበሽታ ተሸካሚ በመሆኑ ነገሩ በረከት ሆነ። የዛሬው የዱቄት ሳሙናና በረኪና ግን በጉድጓድ ውኃ ውስጥ ምን በረከት እንደሚያመጣ የሚናገር የለም።

እንግዲህ ልኩ ምን ያህል ነው? በፊት በኩል የሚከፈተው ዐይነት መኪና ለአንድ እጥበት 50 ሊትር ያህል ውኃ ይወስዳል፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ ቢታጠብ 150 ሊትር ማለት ነው። በዓለም የርዳታ ድርጅቶች ዘንድ የሚሠራበት «ስፊር» የተባለው መመሪያ፥ የፍሳሽ ጉድጓድ ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር እንዲርቅ፥ የታችኛው ወለሉም ከከርሰ ምድሩ ውኃ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ እንዲል ይመክራል። መምህሩ በገመድ ሲለኩ፥ ከታሰበችው ክፍል ግድግዳ እስከ እማሆይ ጉድጓድ 22 ሜትር ሆነ። ጥልቅ ጉድጓድ ቈፍሮ በድንጋይ መሙላትም አልረዳም፤ ጥልቀቱ በጨመረ ቍጥር እጣቢው ወደ ውኃው ይቀርባልና። የሚሻለው ጥልቀት የሌለው ረዥም ቦይ ነው። ቦዩ ጠጠር ይሞላበታል፤ በላዩ አፈር ይለብሳል፤ ዳርና ዳሩ ሙዝ ወይም ጌሾ ይተከልበታል። የላይኛው አፈር ሥርና ትሎች ስላሉበት እጣቢውን ከታችኛው አፈር ይልቅ ያጣራዋል። በአፉም ወንፊት ማድረግ ያስፈልጋል፤ ከጋቢና ከነጠላ የሚወጣው ብናኝ ጥጥ ጠጠሩን ቶሎ ይደፍነዋልና። በረኪና የገባበት እጣቢ ግን ለተክልም አይሆንም።

በቤት ውስጥ ያለው ሥራ ከዚህ ይቀላል፤ ነገር ግን በእርሱም ብዙዎች ይሳሳታሉ። የመኪናው ቱቦ የሚሰካበት ቋሚ ቧንቧ አፉ ከወለሉ ከ60 እስከ 100 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ዝቅ ካለ ውኃው ገና ሳያጥብ ተስቦ ይወጣል፤ መኪናውም ሲሞላ ሲፈስስ ይውላል። ቋሚው ቧንቧ ስፋቱ 50 ሚሊ ሜትር ቢሆን መልካም ነው፤ ከሥሩም ውኃ የሚይዝ ጕብጥ ክርን ይደረግለታል፤ ያለዚያ የፍሳሹ ሽታ ወደ ቤት ይመለሳል። ወደ ውጭ የሚሄደው ቧንቧ በአንድ ሜትር ሁለት ሳንቲ ሜትር ያዘቅዝቅ።

የመግቢያውም ነገር እንደሚታሰበው አይደለም። የከተማው ውኃ በየጊዜው ስለሚቋረጥ ሰው ኹሉ ሮቶ ይሰቅላል። ይሁን እንጂ ውኃ አንድ ባር ግፊት እንዲኖረው 10 ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት፤ ብዙዎች መኪናዎችም ቢያንስ ግማሽ ባር ይጠይቃሉ። በሦስት ሜትር ማማ ላይ ያለ ሮቶ ይህን ግማሽ ባር እንኳ በደኅና አይሰጥም። ስለዚህ ወይ ትንሽ የውኃ መግፊያ ፓምፕ ይጨመራል፥ ወይም በእጅ የሚሞላ ባለ ሁለት ገንዳ መኪና ይገዛል። ዋጋውን ከመጠየቅ በፊት ይህን መለካት ይቀድማል።

መምህሩ የዕቃ ክፍሏን ተዉአት። ማጠቢያው በመንገዱ በኩል ባለው የቤቱ ጎን እንዲሆን ተወሰነ፤ ከዚያ እስከ እማሆይ ጉድጓድ ያለው ርቀት 37 ሜትር ሆነ። ቦዩም በአጥሩ ውስጥ ከጌሾው ረድፍ ጋራ እንዲሄድ በችካል ተመለከተ። የቀረው የነሐሴ ጕዳይ ነው፤ ምድሩ ራሱ ውኃ ጠግቦ ሳለ ቦዩ እጣቢውን አይቀበልምና። በዚያ ወር ከባድ ልብስ እንዳይታጠብ፥ ለቀላሉም እጣቢው በበርሜል ተጠራቅሞ ዝናሙ ጋብ ባለ ቀን በጥቂት በጥቂቱ እንዲለቀቅ ባለቤቲቱና እማሆይ ተስማምተዋል። ቧንቧው ተገዝቷል፤ መኪናው ግን አንድ ክረምት አልፎ ቦዩ እስኪፈተን ድረስ ይቈይ ተብሏል።